ስለ ደን አገልግሎትና ስለ ቡና አገር ሀብት አጠባበቅ

በሚዛን ተፈሪ፤ በቴፒና በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ለሚሠሩ አስተዳዳሪዎችና ባለ ይዞታዎች የተዘጋጀ ትምህርት

የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፤ የቀበሌ ሹማምንት፤ የቡና እርሻ ባለ ይዞታዎችም ሁሉ እንደምታውቁት፤ የአንድ አገር ሀብት በመዝገብ ካልተጻፈ የሌለ ያህል ይቈጠራል። ግብሩ፤ ቀረጡ፤ የመሬቱ ኪራይ በየጊዜው በመዝገብ ይገባል፤ በዓመቱም መጨረሻ ይመረመራል። ነገር ግን ዝናሙን ተቀብሎ ለምንጭ የሚያስረክበው፤ የቡናውን አበባ የሚጐበኙትን ንቦች የሚያኖረው፤ አፈሩን ከመታጠብ የሚጠብቀው ደን፤ በየትኛውም የገቢ መዝገብ ስሙ ተጽፎ አይገኝም። ስለዚህም የደኑ ቦታ ለሌላ ሥራ በተጠየቀ ጊዜ፤ በመዝገቡ የሚታየው የሚመጣው ገቢ ብቻ ነውና፤ የሚቀረው ጥቅም ሳይታሰብ ፊርማው ይፈረማል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ደን የሚሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ፤ የአገሩም ሕግ ስለዚህ ሥራ ምን እንደሚል፤ ሹሙም ከመፈረሙ አስቀድሞ ምን መጠየቅ እንደሚገባው በአጭሩ ለመግለጽ ነው።

1ኛ፤ ስለ ቃሉ ትርጓሜ

ምኅዳር ማለት በግእዝ ማደሪያ ማለት ነው። ሥነ ምኅዳርም ፍጥረት ሁሉ በማደሪያው እርስ በርሱ ተያይዞ የሚኖርበትን ሥርዐት የሚመረምር ትምህርት ነው። ይህ ሥርዐት ለሰው የሚያበረክተውን ጥቅም የዘመኑ ሊቃውንት የሥነ ምኅዳር አገልግሎት ብለው ሰይመውታል። በ1997 ዓ.ም. ከብዙ አገር የተውጣጡ ሊቃውንት በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ባወጡት ታላቅ ጥናት፤ አገልግሎቱ በአራት ተከፍሏል። የመጀመሪያው ከተፈጥሮ በእጃችን የምንቀበለው ነው፤ ይኸውም እህል፤ ማር፤ እንጨት፤ የሚጠጣ ውኃ፤ መድኀኒት ነው። ሁለተኛው በዐይን ሳይታይ ነገሩን ሁሉ በልክ የሚያኖረው ነው፤ ይኸውም ጐርፍን መግታት፤ አየሩን ማቀዝቀዝ፤ አበባን ወደ ፍሬ ማድረስ ነው። ሦስተኛው ለመንፈስና ለአእምሮ የሚሆነው ነው። አራተኛው የሦስቱ ሁሉ መሠረት ነው፤ ይኸውም ቅጠሉ በስብሶ አፈር የሚሆንበት፤ አፈሩም ተክሉን መልሶ የሚመግብበት ሥራ ነው።

ከእነዚህ ከአራቱ በገበያ ዋጋ የሚወጣለት ከሞላ ጐደል የመጀመሪያው ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ማር በኪሎ ይሸጣል፤ ጣውላም በካሬ ይሸጣል። ንቡ ለቡናው ያደረገውን ግን የሚመዝን ሚዛን በገበያ የለም። ዋጋ የሌለው ማለትና ዋጋው ያልተጠየቀ ማለት ግን አንድ አይደሉም።

2ኛ፤ ስለ አገሩ ሁኔታ

ሚዛን ተፈሪ ዛሬ ከአማን ጋር ተዋሕዶ ሚዛን አማን ተብሎ የቤንች ሸኮ ዞን ከተማ ነው። ቴፒ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ ይገኛል። ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናቸው። አገሩ በኢትዮጵያ ዝናም ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በአንዳንዱ ደጋም በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናም ይዘንማል።

የዚህ አገር ደን አረቢካ የተባለው ቡና ሰው ሳይተክለው በዱር የሚበቅልበት ዋና መኖሪያው ነው። ቡናው በዋንዛ፤ በብሳና፤ በሰሳና በቀረሮ ጥላ ሥር ያድጋል፤ ከሥሩም ኮረሪማ ይበቅላል፤ ጢምዝ በዛፉ ላይ ይወጣል፤ ከላይም የንብ ቀፎ ይሰቀላል። እንግዲህ አንዱ ቦታ በአንድ ጊዜ የቡና ማሳ፤ የቅመም ማሳና የማር ቤት ሆኖ ያገለግላል። በሸካም ኮቦ የሚባል የቈየ ልማድ አለ፤ ይኸውም ደኑ በቤተ ሰብ ተከፍሎ እያንዳንዱ ባለ ኮቦ በድርሻው ቀፎ የሚሰቅልበት፤ ከአባት ወደ ልጅም የሚተላለፍ ይዞታ ነው። ደኑ ባለቤት የሌለው ጠፍ መሬት ይመስለው የነበረ ሹም ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

የዓለሙ የትምህርት፤ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮም የከፋንና የያዩን የቡና ደን በ2002 ዓ.ም.፤ የሸካን ደን በ2004 ዓ.ም.፤ የማጃንግን ደን በ2009 ዓ.ም. ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁባቸው ስፍራዎች ብሎ በመዝገቡ ጽፏቸዋል። የሸካው ብቻ ከ230,000 ሄክታር በላይ ነው። ከአገር ውጭ ያለው መዝገብ የጻፈውን የወረዳው መዝገብ ሳይጽፈው መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

3ኛ፤ ደን ለውኃ ስለሚሠራው ሥራ

ኀይለኛ ዝናም በደን ላይ በወረደ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀበለው ቅጠሉ ነው። ጠብታው ኀይሉ ከተሰበረ በኋላ ወደ ምድር ይንጠባጠባል፤ በምድርም የረገፈው ቅጠል እንደ ስፖንጅ ሆኖ ይይዘዋል፤ የዛፉ ሥርና የትሉ መንገድም ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ይህ የሰረገ ውኃ በበጋ በምንጭ ሆኖ ይወጣል። ደኑ ተመንጥሮ ምድሪቱ በተራቈተች ጊዜ ግን ጠብታው አፈሩን ይደበድበዋል፤ ላዩ ይደድራል፤ ውኃውም መስረጉ ቀርቶ አፈሩን ይዞ ይሮጣል። በክረምት ጐርፍ፤ በበጋ ድርቅ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በደን የነበረው ዝናምና በተመነጠረው ላይ የወረደው ዝናም መጠኑ አንድ ሲሆን፤ ለሰው የሚሰጠው ጥቅም ግን የተለያየ ነው።

ይህም ነገር የአንድ ቀበሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሸካ ደጋ ውኃ በባሮ ወርዶ ከሶባት ጋር ነጭ ዓባይን ይመግባል። የከፋው ጎጀብ ወደ ኦሞ ይገባል። በኦሞ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስተኛ ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የታነጸ ነው። በግድብ ውስጥ የሚከማች ደለል የውኃውን ቦታ ስለሚይዝበት የግድቡን ዕድሜ ያሳጥራል። ስለዚህ በላይኛው አገር ገደል ላይ የቆመው ዛፍ በታችኛው አገር ያለውን የመንግሥት ሀብት ይጠብቃል ማለት ነው። ዛፉን የሚጠብቀው ገበሬ ግን ከመብራቱ ገንዘብ ድርሻ የለውም፤ ብዙ ጊዜም መብራቱ ራሱ አይደርሰውም።

4ኛ፤ ስለ ንብና ስለ ቡና ፍሬ

አረቢካ ቡና በራሱ ብናኝ ማፍራት ይችላል። ይሁን እንጂ ንብ የጐበኘው አበባ ይልቅ የተሻለ ፍሬ እንደሚሰጥ ሊቃውንት ደጋግመው አረጋግጠዋል። በኮስታሪካ በአንድ ታላቅ የቡና እርሻ ተደርጎ በ1996 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ፤ ከደን በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው ቡና ከዚያ ከራቀው ይልቅ በ20 በመቶ የበለጠ አፍርቷል፤ በአንድ ፍሬ ውስጥ ሁለት መሆን ሲገባው ነጠላ ሆኖ የሚቀረውም ቡና በ27 በመቶ አንሷል። የሁለት ቁራጭ ደን ንቦች ለዚያ ለአንድ እርሻ የሰጡት ጥቅም በዓመት ወደ 60,000 የአሜሪካ ዶላር ተገምቷል።

ይህን በምሳሌ እናስላው። ከደን የራቀው ማሳ 10 ኩንታል ቢሰጥ፤ በዚያው ልክ የሆነው የደን ጎረቤት 12 ኩንታል ይሰጣል ማለት ነው። የኮስታሪካው ልክ ለቴፒ ወይም ለበበቃ እንዳለ ይሠራል ማለታችን አይደለም፤ አገሩም ዛፉም ንቡም ይለያያልና። የምንለው ግን፤ ደኑን መንጥሮ የቡና እርሻውን ያሰፋ ሰው የሄክታሩን ቁጥር ሲያበዛ፤ የእያንዳንዱን ሄክታር ፍሬ ሊቀንስ እንደሚችል አስቀድሞ ያስላ ነው። ጌተም ከሚባለው ዛፍ አበባ ንቦች የሚሠሩት ነጭ ማርም፤ ዛፉ በተቈረጠ ጊዜ አብሮ የሚቀር ሌላ ገቢ ነው።

5ኛ፤ ደን የዘር ጐተራ ስለ መሆኑ

በ1963 ዓ.ም. የቡናን ፍሬ በአረንጓዴነቱ የሚያጠቁር በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ብዙ ማሳ አጠፋ። የጅማ የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች መድኀኒቱን የፈለጉት ከባሕር ማዶ ብቻ አልነበረም፤ በደቡብ ምዕራቡ አገር እየዞሩ በሽታው ሳይደፍራቸው የቆሙትን እናት ዛፎች ፈለጉ። ዛሬ 74110 እና 74112 እየተባሉ ለገበሬ የሚታደሉት ዘሮች ከዚያ ምርጫ የተገኙ ናቸው፤ በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው 74ም የተመረጡበትን ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር ያመለክታል። በደኑና በገበሬው ጓሮ ያ ሁሉ ልዩ ልዩ ዘር ባይኖር ኖሮ፤ ባለሙያዎቹ ከምን ይመርጡ ነበር?

ሌላም ምሳሌ እነሆ። በ1923 ዓ.ም. ገደማ በማጂ የነበረ የእንግሊዝ ቆንስል ከጌሻ ደን አካባቢ የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ወደ ታንጋኒካ፤ በኋላም ወደ ኮስታሪካ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። በ1996 ዓ.ም. በፓናማ በተደረገው የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቶ በዚያን ጊዜ ያልተሰማ ዋጋ አወጣ፤ ስሙም እስከ ዛሬ በዓለም ገበያ ጌሻ እየተባለ ይጠራል። ከደናችን ጥቂት ፍሬ ለቅሞ የሄደው ሌላውን አገር ሲያበለጽግ፤ እኛ የደኑን ዋጋ በጣውላ ብንተምነው፤ የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል ሞኝ ይልሳል የተባለው በእኛ ይፈጸማል።

በ2011 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፤ በዓለም ከታወቁት 124 የቡና ዐይነቶች 60 በመቶው ለመጥፋት የተቃረቡ መሆናቸው ተገልጿል፤ በዱር የሚገኘው አረቢካም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ነገ ለሚመጣው በሽታና ለሚጨምረው ሙቀት የሚበቃው ዘር ዛሬ በየትኛው ዛፍ ላይ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ጐተራውን ሁሉ መጠበቅ ይገባል እንጂ አንዱን ማዕዘን ብቻ መጠበቅ አይበቃም።

6ኛ፤ የአገሩ ሕግ ስለሚለው

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ወሬ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፤ ሕጉን ይመልከት። መጋቢት 24 ቀን 1989 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲ፤ ሕይወትን የሚደግፉት የተፈጥሮ ሥራዎች እንዲጠበቁ ያዛል፤ በተፈጥሮ ሀብት ላይ ከሚደርሰው ጉዳት የተነሣ የሚመጣው ኪሳራና የሚቀረው ጥቅም ሁሉ በመንግሥትም በግልም የዕቅድና የሒሳብ ሥራ ውስጥ እንዲገባ ይደነግጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 44 ለሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 92ም የልማት ሥራ አካባቢን የማያበላሽ እንዲሆን፤ ነገሩ የሚመለከተው ሕዝብም ሐሳቡን እንዲሰጥ አዝዟል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ሥራው በአካባቢ ላይ የሚያመጣው ውጤት ሳይመረመርና ሳይፈቀድ፤ ምርመራ የሚያስፈልገው ሥራ እንዳይጀመር ይከለክላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፤ የማኅበርና የማኅበረሰብ ደን እንዳለ ዐውቋል። ቀድሞ በባለርስት ዘመን ባለርስቱ ስለ ራሱ ርስት ያስብ ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ግን መሬት የሕዝብና የመንግሥት ስለ ሆነ፤ የማሰቡ ዕዳ በሹሙ ላይ ወድቋል።

እንግዲህ ሕጉ አልጐደለም። የጐደለው በሕጉና በመዝገቡ መካከል ያለው ድልድይ ነው። ፖሊሲው የሚቀረውን ጥቅም ቍጠር ይላል፤ የመሬት ጥያቄ የሚሞላበት ወረቀት ግን የሄክታሩን ብዛት፤ የገንዘቡን መጠንና የሠራተኛውን ቁጥር ብቻ ከጠየቀ፤ ጸሐፊው ያልተጠየቀውን ሊሞላ አይችልም።

7ኛ፤ ዋጋውን ማን ይክፈል?

በዚህ ስፍራ ተቃዋሚ ተነሥቶ፤ ታላቅ እርሻ ለወጣቱ ሥራ ይሰጣል፤ ለአገሩም የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፤ ደን ግን ለማን ደመወዝ ይከፍላል? ሊል ይችላል። ነገሩ ከንቱ አይደለም። እርሻም ያስፈልጋል፤ ከመጠን ያለፈ ጥላም ቡናን ፍሬ ያሳጣዋል። ነገር ግን አስቀድሞ የተመነጠረ መሬት እያለ ደኑን መምረጥ፤ ሥራን ለማግኘት ሳይሆን የተከማቸውን እንጨትና ለም አፈር በነጻ ለመውሰድ ይሆናል።

ይልቁንም ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ደኑ ሲጠበቅ የሚጠቀመው በታች ያለው ከተማ፤ ግድቡና ዓለም ሁሉ ነው፤ ከመመንጠር ተከልክሎ የሚቸገረው ግን በደኑ ዳር የሚኖረው ድኻ ነው። የንብ ሥራ ለልጁ እራት አይሆንለትም። ዕዳው ለአንዱ፤ ትርፉ ለሌላው የሆነበት ሕግ ደግሞ በዘበኛ ብዛት አይጸናም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደ ፈቱት መመልከት ይጠቅማል። ኮስታሪካ በ1988 ዓ.ም. ባወጣችው የደን ሕግ፤ በነዳጅ ላይ ከሚጣለው ቀረጥ ከፍላ ደኑን ለጠበቀ ባለመሬት ስለ ውኃው፤ ስለ አየሩና ስለ ፍጥረቱ ጥበቃ ገንዘብ ትከፍላለች። የኒው ዮርክ ከተማም ለሚጠጣው ውኃ ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት የማጣሪያ ሕንፃ እንዲሠራ ተጠይቆ ሳለ፤ በ1989 ዓ.ም. ከላይኛው አገር ገበሬዎችና መንደሮች ጋር ተዋውሎ፤ ከዚያ እጅግ ባነሰ ገንዘብ የምንጩን ተራራ መጠበቅ መረጠ። የእኛም ፖሊሲ የጸደቀው በዚያው ዓመት መሆኑ የሚደንቅ ነው።

በእኛም አገር ጅምር አለ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቦንጋ፤ በኋላም በሸካና በቤንች፤ ሕዝቡ ማኅበር መሥርቶ ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራርሞ ደኑን እየጠበቀ ቡናውን፤ ማሩንና ቅመሙን እንዲጠቀም ተደርጓል። በዚህም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የደን ቡና ዋጋ ከፍ ባለ ጊዜ ገበሬው ቡናውን ለማብዛት ጥላውን ያሳሳል፤ በየዓመቱም ሥሩን ሲመነጥር የነገውን ዋንዛና ቀረሮ በችግኝነቱ ያጭደዋል። ትልልቁ ዛፍ በእርጅና ሲወድቅ የሚተካው አይኖርም፤ ደኑም ማንም ሳይቈርጠው ያልቃል። ስለዚህ መልካም ዋጋ ብቻውን ደንን አያድንም፤ ውሉ የሚተርፉትን ችግኞችና የሚቆሙትን ዛፎች ጨምሮ መጻፍ አለበት።

8ኛ፤ ከመፈረም አስቀድሞ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች

የደን መሬት ለእርሻ፤ ለመንገድ ወይም ለሰፈራ በተጠየቀ ጊዜ፤ ሹሙ የሚከተለውን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ከፋይሉ ጋር ቢያያይዝ መልካም ነው።

ሀ. ከዚህ ደን የሚነሡት ምንጮች ስንት ናቸው? በበጋስ ከእነርሱ የሚጠጣው የትኛው መንደር ነው?

ለ. የመሬቱ ተዳፋትነት ምን ያህል ነው? በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬት እንዳይታረስ የደነገገው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሐ. በደኑ ውስጥ የዱር ቡና አለን? የምርምር ባለሙያስ አይቶታልን?

መ. በቦታው ቀፎ የሰቀለ፤ ኮቦ ያለው፤ ቅመም የሚለቅም፤ ወይም እንደ ቅዱስ ስፍራ የሚያከብረው ማን ነው? ይህን ለማወቅ ወረቀት ማየት አይበቃም፤ ሽማግሌዎችን፤ ሴቶችንም ጭምር፤ በቦታው ተገኝቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሠ. ለዚሁ ሥራ የሚሆን አስቀድሞ የተመነጠረ መሬት በወረዳው የለምን?

ረ. የአካባቢው ውጤት ምርመራ የተደረገው ከፊርማው በፊት ነውን? ሕዝቡስ በሚያውቀው ቋንቋ ሰምቶታልን?

ሰ. የሚቀረው ጥቅም በየዓመቱ ምን ያህል ይገመታል? የሚጐዳውስ ሰው በምን ይካሳል?

በመጨረሻው ጥያቄ ላይ፤ ትክክለኛውን ቁጥር ካላገኘን ምን እናድርግ የሚል አይጠፋም። ማሩንና ቅመሙን በገበያ ዋጋ መተመን ይቻላል፤ ምንጩም ቢደርቅ ጕድጓድ ለማስቈፈርና ውኃ ለማመላለስ የሚወጣውን ወጪ ማስላት ይቻላል። የቀረውን በቃል መጻፍ ነው። በግምት የተጻፈ ቁጥር ሊታረም ይችላል፤ ባዶ የተተወ ዐምድ ግን ዜሮ ሆኖ ይነበባል፤ ዜሮ ደግሞ ከግምቶች ሁሉ የራቀው ውሸት ነው።

መደምደሚያ

ከተባለው ሁሉ የምንረዳው ይህ ነው። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ የቆመው ደን ሥራ ፈት መሬት አይደለም፤ ሌሊትና ቀን ለሕዝቡ የሚሠራ፤ ደመወዝም የማይጠይቅ ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ የሚያሰናብት ሹም፤ በስፍራው ማን እንደሚተካ አስቀድሞ መንገር አለበት። ቡና እንደ ገና ሊተከል ይችላል፤ የተተከለውም በጥቂት ዓመት ያፈራል። የዱር ቡናውን ከነጥላው፤ ከነንቡና ከነምንጩ መልሶ የሚተክል ግን እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ የተከበራችሁ አስተዳዳሪዎች፤ ነገ በጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀርበውን የመሬት ጥያቄ ስታነቡ፤ በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ጠይቁ፤ የተጠየቀውንም አስጽፉ፤ ከዚያ በኋላ ፈርሙ ወይም መልሱ። ሕጉ ይህን ሥልጣን ሰጥቷችኋል።